እናቱን የአውሮፓ መርከብ ላይ ሊያሳፍር ላሰበ ሁሉ



ዛሬ ስለ ክሩዝ ነው የምጽፈው። አዎ፣ አዘና ተቀምጬ ስለ መዝናኛ መርከብ። የሚስቅ ይሳቅና ይጨርስ።

ውጭ የምትኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ እናታችሁን ወይም አባታችሁን አውሮፓ ላይ መርከብ ልታሳፍሩ ስታስቡ መጀመሪያ የምታዩት መርከቡን ነው። ስንት ፎቅ አለው፣ ስንት ገንዳ አለው፣ ማታ መብራቱ እንዴት ያምራል። የምትልኩልኝም ይህንኑ ነው፤ ፎቶ በፎቶ። እኔ ደግሞ የምለው መጀመሪያ የእራቱን ነገር ጨርሱ ነው። እናትህ በስንት ሰዓት፣ የትኛው ጠረጴዛ ላይ፣ ከማን ጋር ተቀምጣ፣ ምን ትበላለች? እሱን ከመለስክ መርከቡን መምረጥ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። እሱን ካልመለስክ ግን የፈለገው ዓይነት ቤተ መንግሥት የሚያህል መርከብ ብትከራይላት ትርጉም የለውም።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ። ካቻምና አንዲት የሰፈራችን እናት ሄደው ተመለሱ። ስማቸውን አልጠራም፣ ልጃቸውም ይህን ታነብ ይሆናል፤ አስተዋይ ልጅ ስለሆነች አትቀየመኝም። ሰባት ሌሊት ሜዲትራንያን ላይ ነበሩ። ሲመለሱ ልንጠይቃቸው ሄድን፣ ቡና ተፈላ፣ «እንዴት ነበር?» ስንል መጀመሪያ የተናገሩት ስለ ባሕሩ አልነበረም። «ሰባት ቀን ሐብሐብና ዳቦ በልቼ መጣሁ» አሉ። ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። በኋላ ሰው ሲወጣ ግን ቀስ ብለው ነገሩኝ።

የሄዱት በነሐሴ፣ በፍልሰታ ነበር። ልጆቻቸው የመረጡት ደግሞ «በፈለጋችሁ ሰዓት ብሉ» የሚባለውን ዓይነት ነው። ነገሩ ለልጆቹ ጥሩ ነው፤ አንዱ እስከ ረፋድ ይተኛል፣ አንዷ ገንዳ ትወርዳለች፣ የልጅ ልጆቹ ፒዛ ይዘው ይሮጣሉ። እሳቸው ግን ላይኛው ፎቅ ካለው ቡፌ ሰሃን ይዘው፣ የትኛው ቅቤ እንዳለው የትኛው እንደሌለው ሳያውቁ፣ የሚጠይቁበት ቋንቋ ሳይኖራቸው፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው በሚተራመስበት መሐል ይቆማሉ። ዳቦውን ያውቁታል። ሐብሐቡን አይተው ለዩት። በቃ። ልጃቸው በየቀኑ «እማዬ በላሽ?» ትላቸዋለች፤ «በላሁ» ይላሉ። እናት ደግሞ «አልበላሁም» አትልም፤ ታውቋቸዋላችሁ።

ይህ ነው ያሳሰበኝ። ሁሉም ደህና አስቦ፣ የዓመት ቁጠባውን አውጥቶ፣ አንዲት ሴት ከስድስት ሺህ ሰው መሐል ለብቻዋ ዳቦ ስትበላ ሰነበተች።

እስኪ አሠራሩን እንየው። በትልልቆቹ መርከቦች ላይ ዋናው የምግብ አዳራሽ ከትኬቱ ጋር የተከፈለ ነው፤ ቡፌውም እንደዚሁ። ከዚያ ውጭ ተጨማሪ የሚያስከፍሉ ልዩ ምግብ ቤቶች አሉ፤ እነሱን ተዏቸው። በዋናው አዳራሽ የቆየው ልማድ እራት በሁለት ዙር ነው። የመጀመሪያው ዙር በነሱ ሰዓት 6፡00 ወይም 6፡30 ገደማ፣ ሁለተኛው 8፡30 ወይም 9፡00 ገደማ። ጠረጴዛህ በቁጥር ይሰጥሃል፣ ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ትቀመጣለህ፣ የሚያስተናግዱህም ያው ሰዎች ናቸው። ሌላው ዓይነት ደግሞ ነፃው ነው፤ ስትፈልግ ትገባለህ፣ የተገኘው ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለህ። ኖርዌጂያን የሚባለው ኩባንያ በ2000 እ.ኤ.አ. «ፍሪስታይል» ብሎ ከጀመረው ወዲህ ብዙዎቹ ይህን እንደ ዘመናዊነት ይሸጡታል። እነ ሮያል ካሪቢያን ሁለቱንም ያስመርጣሉ። ሜዲትራንያን ላይ በብዛት የምታገኟቸው ኤምኤስሲና ኮስታ ደግሞ የሁለት ዙሩን ልማድ አልተዉትም።

የኔ ምርጫ ያለ ምንም ማመንታት የመጀመሪያው ዙር፣ ቋሚ ጠረጴዛ፣ የቤተሰቡ ብቻ የሆነ ነው።

ሰዓቱን አስሉት። በበጋቸው ጣሊያን ከኛ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ናት። እነሱ 9፡00 ሲሉ የእናትህ ሰውነት ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው የሚለው። አዘና ውስጥ አራት ሰዓት ላይ እራት የሚበላ ሰው አሳዩኝ! የሠርግ ቤት ካልሆነ በቀር። የመጀመሪያው ዙር ግን በኛ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል፤ እቤቷም ብትሆን እሳት ዳር የምትቀመጥበት ሰዓት ነው።

ከሰዓቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ያው አስተናጋጅ መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ማታ ስለ እሷ አንድ ጊዜ ትነግረዋለህ። በሁለተኛው ማታ ያውቃታል። በሦስተኛው ከወንበሯ ሳትደርስ ትኩስ ውኃ በሎሚ ያስቀምጥላታል፤ ስሟን አጣሞም ቢሆን ይጠራታል። በነፃው ግን በየማታው አዲስ ሰው ነው፣ በየማታው «ቅቤ አለው ወይ» ብሎ ከዜሮ መጀመር ነው።

አንዱ ተማሪዬ (ጎበዝ ነው፣ ሁልጊዜም ይከራከረኛል) «ጋሼ፣ ሕፃናት አሉን፣ በደወል መብላት ወታደር ቤት ነው የሚመስለው፤ ወደብ ስንወርድም ላንደርስ እንችላለን» አለኝ። እውነት አለው። ሕፃን ያለው ሰው ቀን ቀን ቡፌ ይብላ፤ ቁርስና ምሳ እንደ ልቡ ይሁን። እራት ግን አንዲት ሰዓት ተኩል ናት። ለሰባት ቀን ሰባት እራት። እናትህን ከስንት ዓመት በኋላ ነው የምታገኛት? እኛ አገር እኮ ማዕድ ላይ ያልተገኘ ሰው እቤት የለም ማለት ነው። በስልክ ለዓመታት «በላሽ ወይ» ስትላት ኖረሃል፤ አሁን ፊት ለፊትህ ስትበላ እያት።

ስለ አበላሉም ልጨምር። አዳራሹ ውስጥ ምግቡ ለየሰው በየሰሃኑ፣ በተራ በተራ ነው የሚመጣው። አስተናጋጁን «ሁሉንም አንድ ላይ አምጥተህ መሐል ላይ አስቀምጥልን» ብትሉት ችግር የለውም፤ ያደርገዋል። ብዙዎቹ አስተናጋጆች የሕንድ፣ የፊሊፒንስና የኢንዶኔዥያ ሰዎች ናቸው፤ በእጅ መብላት ለነሱ ብርቅ አይደለም። እናትህ በሹካ ስትታገል ዝም ብለህ አትይ፤ አንተው መጀመሪያ በእጅህ ቁረስ። ጉርሻም አጉርሳት፤ የዶላር ቅጣት የለውም።

ልብሱንም አትጨነቁበት። አንድ ሁለት ማታ ዘነጥ ብላችሁ ኑ የሚሉበት ፕሮግራም አላቸው፤ ለዚያ አዲስ ቀሚስ ገዝታችሁ አታሰቃዩአት። የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትግባ። ከዚያ አዳራሽ ውስጥ ከእሷ የተሻለ የለበሰ አይኖርም።

አሁን ወደ ጾሙ። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችሁ የምትስቱት። ውጭ አገር ት/ቤት የሚዘጋው በበጋቸው ስለሆነ ዓይናችሁ ነሐሴ ላይ ያርፋል። ነሐሴ 1 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል፤ እስከ ነሐሴ 16። እናቶቻችን የዓመቱን ጾም ሁሉ ቢያቀሉ ፍልሰታን አያቀሉም። የሰኔው ጾመ ሐዋርያት የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። ስለዚህ ከሐምሌ 5 እስከ ሐምሌ መጨረሻ፣ በፈረንጅ ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 6፣ ሃያ አምስት ቀን ገደማ ክፍት አላችሁ። የሰባት ሌሊት ጉዞ እዚህ ውስጥ ካስገባችሁ የምትጾመው ረቡዕንና ዓርብን ብቻ ነው።

ለት/ቤት የደረሰ ልጅ የሌላችሁ ግን እኔ የምመክረው ከነሐሴ 16 በኋላ ነው። ከዚያ እስከ ነቢያት ጾም፣ እስከ ኅዳር 15 ድረስ፣ ጽጌን በፈቃዷ ካልጾመች በስተቀር ረጅም ጾም የለም። የፈረንጆቹ ልጆች ት/ቤት ስለሚገቡ መርከቡ ቀለል ይላል፣ ዋጋውም ይወርዳል፣ ሙቀቱም ሰው አይገድልም። ለኛም ይመቻል። ሐምሌ እዚህ ጤፍ የሚዘራበት፣ ጭቃው ጉልበት የሚደርስበት ወር ነው፤ መሬት ያላት ሴት በሐምሌ ቤቷን ጥላ አትሄድም፣ ብትሄድም ልቧ እዚህ ነው። መስከረም ሲጠባ ግን «እሺ» ለማለት ይቀላታል።

ጉዳዩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከነራስ ሥዩምና ከኛው ከጎጃም ገዥ ከራስ ኃይሉ ጋር ወደ አውሮፓ ሲሄዱ፣ በባቡር ጅቡቲ ወርደው መርከብ የያዙት በሚያዝያ፣ ዐቢይ ጾም ሊያልቅ ሲል ነበር። የዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 19 ነው፤ በዓሉን ኢየሩሳሌም አከበሩ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ለንደን የቀጠሉት። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የዚህን ጉዞ ነገር «ደስታና ክብር» በሚለው መጽሐፋቸው ጽፈውታል። እኔ የማነበው እንዲህ ነው፦ ባሕሩ በጾም አለፈ፣ የፈረንጅ ግብዣው ሁሉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። የመንግሥት ጉዳይ ያለበት ሰው ይህን ያህል ከተመቸው፣ ለሽርሽር የሚሄድ ሰው የቀን መቁጠሪያ ማየት አያቅተውም።

ጾም ውስጥ የግድ ከሆነ ደግሞ መንገድ አለው። ትኬቱን በያዛችሁ ሰሞን ለኩባንያው በጽሑፍ አሳውቁ። «ቬጀቴሪያን» ብላችሁ ብቻ አትተዉት፤ እነሱ ዘንድ ቬጀቴሪያን ዕንቁላልና አይብ ይበላል። «ቪጋን» በሉ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ ዕንቁላል የለም ማለት ነው፣ ከኛ የጾም ምግብ ጋር የሚገጥመው እሱ ነው። ከዚያ በመጀመሪያው ማታ የአዳራሹን ኃላፊ ጠይቃችሁ በቃል ድገሙት። በብዙዎቹ መርከቦች የሕንድ ምግብ የሚያውቅ ወጥ ቤት አለ። ምስር፣ ሽምብራ፣ ድንች፣ ጎመን በቅመም የሚሠራ ሰው ማለት ነው። እናትህ ስትቀምሰው «ይሄስ የኛ ነው» ትላለች። ብቻ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ሕንዶችም እንደኛ ንጥር ቅቤ ይወዳሉ፣ ምስሩ ላይ ጣል ያደርጉበታል፣ እርጎም ይቀላቅላሉ። «ያለ ቅቤ፣ በዘይት» ብላችሁ አስረግጡ። በማግስቱ የምትበላውን ዛሬ ማታ የምታዝዙበት አሠራርም አለ፤ ቋሚ ጠረጴዛ የያዘ ሰው ደግሞ ይህን በቀላሉ ያገኛል። ያቺ ሐብሐብ ሲበሉ የሰነበቱ እናት ይህች አንዲት ወረቀት ተጽፋላቸው ቢሆን ኖሮ ምስር በልተው ይመለሱ ነበር።

ከቤት ይዞ ስለመሄድ ደግሞ ይጠይቁኛል። ቅቤና ቋንጣ አታስይዟት። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሻንጣ የሚገባ ሥጋና የወተት ውጤት ይከለክላል፤ ኤርፖርት ላይ ተቀምቶ ሲጣል ማየት ደግሞ ለእሷ ከቅጣት በላይ ነው። ሚጥሚጣ በትንሽ ዕቃ ትያዝ፤ ደህና አድርጎ የታሸገ ድርቆሽም ቢሆን ኩባንያውን ጠይቃችሁ። ጀበና ግን እቤት ይቅር። መኝታ ክፍል ውስጥ ምድጃ፣ ማፍያ፣ ሻማ፣ ዕጣን ሁሉ ክልክል ነው። እሳት ባሕር ላይ ቀልድ አይደለም። ይህን አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ጧፍ አብርታ የምትጸልይ ሰው እዚያ ደርሳ ብትከለከል ያስከፋታል። ወደ ምሥራቅ መዞሩም አለ፤ መርከቡ ሌሊቱን ሲዞር ያድራል፣ ትናንት ምሥራቅ የነበረው ግድግዳ ዛሬ ሰሜን ነው። ስልካችሁ ላይ ኮምፓስ አለ፤ ጠዋት ጠዋት አሳዩአት።

ክፍሉን በተመለከተ መስኮት ይኑረው፤ ርካሹ የውስጥ ክፍል መስኮት ስለሌለው ንጋቱም አይታወቃት። ቦታው መርከቡ መሐል አካባቢ፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ቢሆን መናወጡ አነስተኛ ነው። ባሕር አይታ የማታውቅ ከሆነ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ መጀመሪያ ባሕር ዳር ወስዳችሁ ጣናን እስከ ዘጌ በጀልባ አሻግሯት። ካቅለሸለሻት ያን ጊዜ ታውቃላችሁ፤ ባይሆን ደግሞ ገዳሙን ተሳልማ ትመለሳለች፣ ኪሳራ የለውም።

ስለ መርከቡ መጠን ብዙ አልልም። በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ኤምኤስሲ ወርልድ ዩሮፓ የሚባለው ሲሞላ ከ6,000 በላይ ተጓዥ ይይዛል። ከተማ ነው። ሰው ይጠፋበታል፣ ሊፍት ይጠበቅበታል፣ ከክፍሏ እስከ ምግብ አዳራሹ ጉልበቷን የሚያስታውሳት መንገድ አለው። ሁለት ሺህ የሚይዝ አሮጌ መርከብ ይበቃታል። ተንሸራታች ውኃ ላይ የምትወርደው እሷ አይደለችም።

አሁን ዋናውን መሰናክል እንየው፤ እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። እናንተ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ፓስፖርት ይዛችሁ ስለምትሄዱ ስለ ቪዛ አታስቡም። እናታችሁ ግን የያዘችው የኢትዮጵያን ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. (ኤፕሪል 29፣ 2024 እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ ላይ ገደብ ጣለ። የሰጠው ምክንያት ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎችን በመመለስ ረገድ መንግሥት በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነው። የአዘና እናት በዚህ ነገር ምን ድርሻ እንዳላት እኔ አይገባኝም፤ ግን ዕዳው እሷ ላይ ነው ያረፈው። በገደቡ መሠረት ማመልከቻው የሚታይበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ሆነ፤ በሰነድ በኩል ይደረግ የነበረው ማቅለል ቀረ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ቆመ። ጊዜያዊ ነው ይባላል፣ ማብቂያ ቀን ግን አልተቆረጠለትም። ስታመለክቱ የደረሰበትን ጠይቁ፤ ስታቅዱ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ እንደምታገኝ አድርጋችሁ አቅዱ።

ይህ መርከብ ከመምረጥ ጋር ምን አገናኘው? ሁሉ ነገር። አንድ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው ከሸንገን ክልል ከወጣ መልሶ መግባት አይችልም። ስለዚህ መርከቡ የሚቆምባቸው ወደቦች ሁሉ ሸንገን ውስጥ መሆን አለባቸው። ባርሴሎና፣ ፓልማ፣ ማርሴይ፣ ጄኖቫ፣ ኔፕልስ፣ የማልታዋ ቫሌታ፣ የግሪኳ ፒሬየስ ምንም አይሉም። ክሮኤሺያም ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ገብታለች። ነገር ግን ያ ያማረ የምሥራቅ ሜዲትራንያን ጉዞ መሐል ላይ ኢስታንቡል ወይም ኩሻዳሲ ብሎ ቱርክ ይገባል፤ የአድሪያቲኩ ኮቶር ብሎ ሞንቴኔግሮ ይገባል፤ ሌላው ቱኒስን ይነካል። ከእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን የሚነሳው ደግሞ ለእሷ የእንግሊዝ ቪዛም ይፈልጋል። አንዲት ወደብ ብቻ ከክልሉ ውጭ ከሆነች የመርከቡ ሰዎች ራሳቸው መጀመሪያው ወደብ ላይ ወረቀቷን አይተው ሊመልሷት ይችላሉ፣ ገንዘቡም ብዙውን ጊዜ አይመለስም። እናንተ ተሳፍራችሁ እሷ ወደብ ላይ ቀርታ አስቡት።

ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ነው፤ ያኔውኑ ጀምሩ። የሚያመለክቱት ረዘም ያለ ጊዜ ለምታሳልፍበት አገር ነው፤ መርከቡ ጣሊያን ላይ ብዙ ቀን የሚቆም ከሆነ ለጣሊያን። ክፍያው ከጁን 2024 ወዲህ 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድንም ይጠየቃል። አሻራ ለመስጠት ራሷ አዲስ አበባ መቅረብ አለባት። ከአዘና አዲስ አበባ ዛሬ ባለው መንገድ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ የባሕር ዳርን አውሮፕላን አስቡበት፣ ወጪውንም ከመጀመሪያው ደምሩት። ቪዛው ሳይመታ ደግሞ የማይመለስ ትኬት አትግዙ፤ ጥቂት ጨምራችሁ መሰረዝ የሚቻለውን ያዙ።

መነሻ ወደብ ሲቪታቬኪያ ቢሆን ደስ ይለኛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ሮም በቀጥታ ስለሚበር እናታችሁ መሐል ላይ አውሮፕላን አትቀይርም፤ እናንተ ሮም ላይ ትጠብቋታላችሁ። ግን ማስታወቂያው ላይ «ሮም» ብሎ የሚጽፈው ወደብ ከሮም 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ዳንግላና ባሕር ዳር በሉት። «ፍሎረንስ» ብሎ የሚጽፈውም ሊቮርኖ ነው፣ ያም እንደዚሁ ይርቃል። በየወደቡ በአውቶቡስ ሄዶ ሮጦ መመለስ ለሰባ ዓመት ሰው ሽርሽር አይደለም። ሮምን ማሳየት ከፈለጋችሁ ከጉዞው በፊት ሁለት ቀን እደሩ። የጴጥሮስንና የጳውሎስን ከተማ ረጋ ብላ ትይ። ባቡር ጣቢያው ተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ደግሞ በ1887 እ.ኤ.አ. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው 500 ወታደሮች መታሰቢያ የተሰየመ ነው፤ «የአምስት መቶዎቹ» ነው የሚባለው። እዚያ አቁማችሁ ንገሯት። የታሪክ ክፍለ ጊዜዬ ባክኖ እንዳይቀር።

ሌላው ነገር ሰርፕራይዝ የምትሉት ነው። ኧረ ተዉ! የእናት ነገር በሰርፕራይዝ አይሆንም። የንስሐ አባቷን ታማክራለች፣ ከብቱን የሚጠብቅ ሰው ትፈልጋለች፣ የማኅበር ተራዋን ታለዋውጣለች፣ ዕቁቧን ታስተካክላለች። አንዲት እናት በልጇ ልመና ሳነጋግራቸው ምን አሉኝ መሰላችሁ፦ «እሷ በባሕር ከምታዞረኝ አንድ ወር እዚህ መጥታ ትቀመጥልኝ።» ቃል በቃል አስተላለፍኩ። ልጅቱ አየችው፣ እስካሁን መልስ አልሰጠችም። የሚሻለው ሁለቱም ቢሆን ነው፤ አንዱን ብቻ መምረጥ ካለባት ግን የእናቷ ይብለጥ።

እዚህ ደግሞ የሚያሙ አሉ። «በዚህ ብር ቆርቆሮ ቤቷን በብሎኬት አይሠሩላትም?» ይላሉ። ቤቱ የሚያፈስ ከሆነ አዎ፣ መጀመሪያ ቤቱን ሥሩ፤ በዚህ አልከራከርም። ቤት ከተሠራ በኋላ ግን እናት ቤት ጠባቂ ብቻ ሆና የምትኖርበት ምክንያት አይታየኝም። ወንዶቹ በፈረስ እንጅባራ ድረስ ወርደው በዓል ሲያዩ ቤት የቀረችው እሷ ናት። ባሕር ማየት ከፈለገች ትይ። የአስተናጋጅ ጉርሻውን፣ የመጠጡን፣ የኢንተርኔቱን ተጨማሪ ሒሳብ ግን አስቀድማችሁ ደምሩ፤ ጉርሻ ብቻውን በብዙዎቹ ዘንድ በሰው በቀን ከ10 እስከ 20 ዶላር በቀጥታ ሒሳባችሁ ላይ ይጻፋል። ሒሳቡንም እሷ ፊት አትቁጠሩት። ብሩን በልቧ ወደ ከብት ትቀይረውና ምግቡ አይወርድላትም።

ከዚህ በኋላ አስተያየት የምትፈልጉ የመርከቡን ፎቶ ተዉልኝ። የወደቦቹን ስም በተራ፣ የመነሻውን ቀንና የእራቱን ሰዓት ጻፉልኝ። እነዚያን ሦስቱን ካየሁ እነግራችኋለሁ። ኔትወርክ የሚገኘው ማታ ማታ ነው፤ ብዘገይ አትቀየሙኝ።